ዥንጉርጉሩን ማን ሰፋው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር በብረት ቆቡ ላይ ያጠልቀው የነበረውን ዥንጉርጉር ጨርቅ ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛ ነው ወይስ አስመስለው የሠሩት? ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ጨርቁ ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሆኖም በተለይ ኤስኤስ የተባለው የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ኃይል ወታደሮች የለበሱት ዓይነት በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ካለው ቆብ ይበልጥ ውድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብረት ይቆያል። ከጦርነቱ በኋላ በተቸገረችው ጀርመን ፋብሪካዎች የወታደር ቆብ እየበሱ የምግብ ማጥለያ አደረጉት፤ ገበሬም እጀታ ገጥሞ የፍግ ውኃ ቀዳበት። ያም ሆኖ ብረቱ እስከ ዛሬ ተረፈ። ጨርቁ ግን በሰበሰ፣ ተቀደደ፣ ወለል ተወለወለበትና ተጣለ።

ብርቅ ነገር አስመሳይ አያጣም። ስለዚህ የዛሬ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በምርመራ ነው። እኔንም ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ምርመራው ነው፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ በሚገባ ለተመለከተው ሰው ምን ያህል ነገር እንደሚናገር ያየሁት እዚህ ነው። በየደረጃው የሚወጣው መልስ ደግሞ ከተጠየቀው እየሰፋ ይሄዳል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

አንዱን የኤስኤስ ሽፋን ይዘን እንጀምር። ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ወገን አረንጓዴ ይበዛበታል፤ ገልብጠው ሲያዩት ቡናማና የዛገ ብረት የመሰለ ቀለም ይወርሰዋል። ዛፉ ሲለመልም አረንጓዴው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቅጠል ሲረግፍ ቡናማው። ከፊት ለፊት የቆቡን ግንባር የሚውጥ እጥፋት አለ። በሁለቱ ጎንና ከኋላ ደግሞ በስፕሪንግ የሚሠሩ ሦስት ትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ጠርዙን ነክሰው ይይዛሉ። በቀደሙት ሽፋኖች ላይ ማያያዣው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር፤ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ብረት ተተካበት። ከ1942 ገደማ ጀምሮ የተሠሩት ላይ ከዚያው ጨርቅ የተቆረጡ ትናንሽ ማንገቻዎች ዙሪያውን ተሰፍተዋል፤ ወታደሩ ሣርና ቅርንጫፍ ይሰካባቸዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ቆብ ለምን አስፈለገ? የጀርመን የብረት ቆብ የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የሐኖቨሩ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሁር ፍሪድሪሽ ሽቬርት በነደፈው መሠረት በ1916 ለወታደሮች ታደለ፣ በቬርዳን ጦርነት ላይም ታየ። ጭንቅላትን ከፍንጣሪ ያድናል፤ ነገር ግን ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያበራል፣ ቅርጹም ከሩቅ ይለያል። በሐምሌ 1918 ሠራዊቱ ቆቡን በአረንጓዴ፣ በቡናማና በቢጫማ ቁርጥራጭ ቀለም እንዲቀቡት ለወታደሮቹ ትእዛዝ ሰጠ። በመስከረም 1939 ፖላንድ ስትወረር አሁንም ብዙ ወታደር ቆቡን በጭቃ ይለቀልቅ ነበር። ጭቃ ደርቆ ይረግፋል፤ ቀለምም አንዴ ከተቀባ በየወቅቱ አይለወጥም። የሚገለበጥ ጨርቅ ግን ብርሃኑን ይገድላል፣ ቅርንጫፍ ሲነካው አያቃጭልም፣ ከወቅቱም ጋር ይለወጣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የወታደር ብልሃት ነው። ዥንጉርጉሩን ራሱን የፈጠረው ግን ሠዓሊ ነው። በ1935 የኤስኤስ መኮንንና መሐንዲስ የሆነው ቪልሄልም ብራንት ለሚያዝዘው የቅኝት ክፍል መደበቂያ ልብስ ይፈልግ ነበር። የተባበረው የሙኒኩ ሠዓሊ ዮሐን ጌኦርግ ኦቶ ሺክ ነው። ሺክ ያጠናው የዛፍን መልክ አልነበረም፤ በቅጠሎች መሐል ሾልኮ የሚወርደውን ብርሃን ነው። በጋ ላይ ጫካ ውስጥ የቆመ ሰው መሬቱንና ግንዱን ቢያይ አንድ ወጥ አረንጓዴ አያገኝም። ጥቁር ጥላ አለ፣ በመሐሉ ብሩህ ነጠብጣብ፣ በነጠብጣቡ ዙሪያ ደብዛዛ ጠርዝ። የሰው ዓይን ደግሞ አንድን ነገር ለይቶ የሚያውቀው መጀመሪያ በጠርዙ ነው፤ የትከሻ መስመር፣ የራስ ክብ። ጨርቁ ላይ የብርሃንና የጥላ ነጠብጣብ ሲበተን መስመሩ ይሰበራል። ትልልቁ ጠቃጠቆ ከሩቅ ይሠራል፣ ትንንሹ ከቅርብ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ በእርግጥም ትልቅ ግኝት ነበር። ከእርሱ በፊት አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ቴየር እንስሳት በቀለማቸው እንዴት እንደሚሰወሩ ጽፏል፤ በ1915 የፈረንሳይ ጦር በሠዓሊው ጊራን ደ ሴቮላ መሪነት መድፍ የሚደብቁ ሠዓሊዎችን አሰማርቷል። ሺክ ግን ብርሃንን ሰው በሚለብሰው ጨርቅ ላይ፣ ያውም በሁለት ወቅት፣ በፋብሪካ ሊታተም በሚችል መንገድ አስቀመጠ። በ1937 “ዶይችላንድ” የተባለው የኤስኤስ ሬጅመንት በልምምድ ሲሞክረው የሚደርሰውን ጉዳት 15 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተገመተ። በ1938 የሽፋኑና የጃኬቱ አሠራር በፓተንት ተመዘገበ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ1945 የአሜሪካ ጦር የአቅርቦት መርማሪዎች የጀርመንን የካሞፍላጅ (የመደበቂያ ዥንጉርጉር) ሥራ ሲያጣሩ የሺክን ስም ይዘው መጡ፤ ዛሬ ስለ እርሱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ምርመራ የተገኘ ነው።

ብዙ ሰብሳቢዎች እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠሯቸው “ሾላ መሰል”፣ “የወርካ ቅጠል” ዓይነት መጠሪያዎች (በጀርመንኛ የፕላታንና የኦክ ዛፍ ስሞች ናቸው) ከጦርነቱ በኋላ የወጡ እንጂ የፋብሪካው አይደሉም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሻጭ እነዚያን ስሞች የያዘ “የዘመኑ” ወረቀት ከሽፋኑ ጋር ካቀረበ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርበታል።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ብዙዎች የሚጀምሩት በጨለማ ክፍልና በአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ዛሬ ክርና ጨርቅን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል የሚጨመሩት ኬሚካሎች የማይታየውን ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ። እነዚህ ኬሚካሎች በልብስ ሳሙናና በክር ውስጥ የተስፋፉት ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ስፌቱ መብራቱ ሥር እንደ ኮከብ ካበራ ነገሩ ያሳስባል። ያሳስባል እንጂ አይፈርድም። እውነተኛ ሽፋን ያገኘች የቤት እመቤት በ1960ዎቹ በዘመናዊ ሳሙና አጥባው ቢሆንስ? በተቃራኒውም፣ አስመሳዮች መብራቱን ስለሚያውቁ የማያበራ አሮጌ ክር ፈልገው ይሰፋሉ፤ ስለዚህ ጨለማ ሆኖ የቀረ ስፌትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ፈተና እሳት ነው። ከስፌቱ ውስጠኛ ጫፍ አንዲት ቃጫ ይመዘዛል፣ ይለኮሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተርን በ1941 እንግሊዝ ውስጥ የፈጠሩት ዊንፊልድና ዲክሰን ናቸው፣ ገበያ ላይ የዋለውም ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1942 ጀርመን ውስጥ ተሰፋ የተባለ ነገር የፖሊስተር ክር ካለበት፣ በኋላ የተጠገነ ስፌት ካልሆነ በቀር፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ከዚህ በላይ ጥርት ያለ መልስ የሚሰጥ ፈተና የለም።

የቀሩት ፈተናዎች የዓይንና የትዕግሥት ናቸው። ለዓመታት ቆብ ላይ የኖረ ጨርቅ የቆቡን ቅርጽ ይይዛል። በ1935 በወጣው ሞዴል ላይ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ለብቻ የተገጠመ ጠርዝ ስላላቸው በጨርቁ ላይ የራሳቸውን ክብ አሻራ ይተዋሉ። በ1942 የወጣው ሞዴል ደግሞ ጠርዙ ወደ ውስጥ አልታጠፈም፤ ምርት ለማፋጠን ሲባል እንደተቆረጠ ቀርቷል፣ ስለዚህ ጨርቁን ይበላዋል። የማያያዣው ዝገት ከሥሩ ወዳለው ክር ዘልቆ መግባት አለበት፤ ከላይ ብቻ ከሆነ ሰው የቀባው ሊሆን ይችላል። ቀለሙም ፀሐይ በምታገኘው አናት ላይ ደብዝዞ በእጥፋቱ ውስጥ ደምቆ መቅረት ይገባዋል። አስመሳይ ሽፋኑን በሙሉ ሻይ ውስጥ ነክሮ ሊያስረጅ ይችላል፤ በእጥፋቱ ውስጥና በአናቱ ላይ እኩል ያረጀ ጨርቅ ግን ጥርጣሬ ይጠራል። ጨርቁም ቢሆን በራሱ አያረጋግጥም። የምዕራብ ጀርመን የድንበር ጠባቂዎች ከጦርነቱ በኋላ ከሠራዊቱ የቀድሞ ዥንጉርጉር የተወለደ ንድፍ ለብሰዋል፣ ቡልጋሪያም ስብርባሪ መስተዋት የሚመስለውን የጀርመን ንድፍ ለረጅም ጊዜ አትማለች። ከእነዚህ ጨርቆች ተቆርጦ “የ1942” ተብሎ የተሸጠ ሽፋን ብዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን በአንዳንድ ሽፋኖች ላይ፣ በስፌቱ አጠገብ፣ የሚገኘው አሃዝ ነው። 5 ወይም 6፣ ጨርቁ ላይ የታተመ፣ አንዳንዴም በመቀስ ግማሹ የተቆረጠ። መጠን ነው እንዳይባል የጀርመን ቆብ መጠን በ60ዎቹ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። የፋብሪካ ቁጥር ነው እንዳይባል ግማሹ ተቆርጦ እጥፋት ውስጥ የገባ ማኅተም ለማን ይነበባል? መልሱ ያለው ከቆቡ ውጭ ነው።

እያንዳንዱ ወታደር ሦስት ማዕዘን ያለው አንድ ሸራ ይሰጠው ነበር። ሲዘንብ ይለብሰዋል፤ ሲመሽ ከጓደኞቹ ሸራ ጋር በቁልፍ አያይዞ ድንኳን ይተክላል። የመደበኛው ሠራዊት ሸራ ከ1931 ጀምሮ ስብርባሪ መስተዋት በመሰለው ንድፍ ይታተም ነበር፤ ኤስኤስ ደግሞ የሺክን ዥንጉርጉር አተመበት። ሁለት ሸራ ሲያያዝ ሥዕሉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የትኛው ጠርዝ ከየትኛው እንደሚገጥም ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ለዚህ ነው የታተመው። የቆቡ ሽፋን የተቆረጠው ለድንኳን ከታተመው ከዚያው ጨርቅ ስለሆነ አሃዙ አብሮ መጣ። ሰብሳቢዎች ዛሬም የፕላታኑን ንድፍ “አምስት-ስድስት”፣ “አንድ-ሁለት” እያሉ የሚለዩት በዚህ ነው። በመቀስ የተቆረጠች አንዲት አሃዝ ሽፋኑን ከድንኳኑ፣ ድንኳኑን ከማተሚያው ጋር አገናኘችው።

ከፋብሪካ ውጭ የተሠሩም አሉ። የመደበኛው ሠራዊት ሽፋን በብዛት የመጣው ከ1942 በኋላ ነው፤ ማያያዣ ብረት የለውም፣ በገመድ ይሳባል። ያልደረሳቸው ክፍሎች ከተቀደደ ሸራ ራሳቸው ሰፉ፤ ሌሎች የዶሮ አጥር ሽቦ ቆቡ ላይ አለበሱ፣ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠው ቅጠል መያዣ አደረጉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ዓይነት አለ፤ ከጣሊያን ጨርቅ የተሰፋው። የጣሊያን ጦር በ1929 ዥንጉርጉር የድንኳን ሸራ በፋብሪካ አሳትሞ ለሠራዊቱ በማደል ከሁሉ ቀድሟል። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ያው ጦር ነው። ጣሊያን በመስከረም 1943 ለተባበሩት ኃይሎች እጇን ስትሰጥ ጀርመኖች የጦሯን መጋዘን ወረሱ፤ ክምር ጨርቅ አገኙ፤ ልብስም የቆብ ሽፋንም ሰፉበት። በ1944 ኖርማንዲ ላይ የተዋጉ ወጣት የኤስኤስ ወታደሮች ያን የጣሊያን ጨርቅ ለብሰው ፎቶ ተነሥተው ይታያሉ። ካሞፍላጅ ያን ጊዜ ከጀርመን ጋር እጅግ ተቆራኝቶ ነበር፤ በሐምሌ 1944 እዚያው ኖርማንዲ ዥንጉርጉር ልብስ የታደላቸው አሜሪካውያን ወታደሮች በገዛ ወገናቸው እንደ ጠላት እየታዩ ስለተተኮሰባቸው ልብሱ ተመለሰ።

እንግዲህ ጨርቁን፣ ንድፉን፣ ቁጥሩን፣ ማያያዣውን አየን። አንድ ነገር ቀረ። ሰብሳቢ እውነተኛነትን ለማረጋገጥ ስፌቱን በማጉያ መነጽር ያያል፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ጥልፍ እንዳለ፣ ክሩ ምን ቀለም እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሳሳ፣ የት ላይ ሰፊዋ ቀይሳ እንደተመለሰች። “ሰፊዋ” ያልኩት በምክንያት ነው። በብዙዎቹ ሽፋኖች ላይ የሠሪ ማኅተም የለም። ግን ከ1940 በኋላ ኤስኤስ ልብሱን የት ያሰፋ እንደነበር ይታወቃል።

በሰኔ 1940 ኤስኤስ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ድርጅት አቋቋመ፤ በአጭሩ ቴክስሌድ ይባላል። ዋና ሥራው የነበረው ራቨንስብሩክ ነው፤ ከበርሊን በስተሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቅ ዳር፣ በግንቦት 1939 የተከፈተ የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ። ከሠላሳ በላይ አገሮች የመጡ ከ120,000 በላይ ሴቶች በመዝገቡ አልፈዋል። በስፌት አዳራሾቹ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ቀንና ሌሊት በፈረቃ፣ በአንድ ፈረቃ 11 እና 12 ሰዓት፣ የኤስኤስን የደንብ ልብስ ይሰፉ ነበር። የካሞፍላጅ ጃኬቶቹም ከዚያ ይወጡ ነበር። ከግንባር ተመልሶ የመጣ፣ ደም የደረቀበት ልብስም ለጥገና ይቀርብላቸው እንደነበር ከሞት የተረፉት ተናግረዋል። የቀኑን ድርሻ ያላደረሰች ትደበደባለች። የአዳራሹ አለቃ ፍሪድሪሽ ኦፒትስ ሴቶችን በመደብደብና በመግደል ተከስሶ በኅዳር 1947 ሐምቡርግ ላይ በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በዚያ ችሎት የተከሰሰው እርሱ ብቻ ነበር። በየካቲት 1948 በስቅላት ተቀጣ። ቴክስሌድ ከኤስኤስ ድርጅቶች መካከል ከመጀመሪያው ትርፍ ካገኙት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ለሠራተኛው የማይከፈልበት ፋብሪካ ለምን አያተርፍ?

ይህን ሒሳብ የሠራችው እዚያው ውስጥ የነበረች እስረኛ ናት። ዤርሜን ቲዮን ፈረንሳዊት የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ናት፤ ከጦርነቱ በፊት በአልጄሪያ የኦሬስ ተራሮች ከሕዝቡ ጋር እየኖረች አኗኗሩን አጥንታለች። ፈረንሳይ ስትያዝ ከመጀመሪያዎቹ የአርበኞች ቡድኖች በአንዱ ሠራች፣ ተያዘች፣ በጥቅምት 1943 ራቨንስብሩክ ገባች። እዚያም ሥራዋን አልተወችም። ምን እንደሚመረት፣ ሴቶቹ ለማን እንደሚከራዩ፣ ለአንዲት እስረኛ በቀን ስንት እንደሚወጣና ከእርሷ ስንት እንደሚገባ እየጠየቀች አጠናች። በመጋቢት 1944 ለእስረኛ ጓደኞቿ በድብቅ ገለጸችላቸው፤ ረሃቡም ድብደባውም የተዘበራረቀ ጭካኔ ሳይሆን ሒሳብ እንዳለው አሳየቻቸው። ማስታወሻዋን የምግብ አሠራር አስመስላ ትጽፍ ነበር፤ በውስጡ የካምፑ ገዳዮች ስም ተሰውሯል። ይህን ሁሉ በልቧና በወረቀት ይዛ በሚያዝያ 1945 በስዊድን ቀይ መስቀል አማካይነት ወጣች። አብራት የታሰረችው እናቷ ኤሚሊ ግን በመጋቢት ወር በጋዝ ተገድላለች። በ2015 ፈረንሳይ ዤርሜን ቲዮንን በፓንቴዮን ከታላላቆቿ ጋር አከበረቻት።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ግኝት የቲዮን ሒሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሺክ ብርሃንን በጨርቅ ላይ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል አገኘ፤ ቲዮን ደግሞ ጨርቁ በምን እንደሚከፈል አገኘች። ስለ መጀመሪያው ሰብሳቢዎች ወፍራም መጻሕፍት አላቸው። ስለ ሁለተኛው በዚያው መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው አንዳንዴ አንድ መስመር ነው፣ አንዳንዴም ምንም። ይህ መቀየር አለበት።

ፍትሐዊ ለመሆን ልለይ። በ1938 እና በ1939 የተሠሩት ሽፋኖች ከቴክስሌድ በፊት ናቸው። የመደበኛው ሠራዊት ሽፋን የተሰፋው በግል ፋብሪካዎች ነው። ኤስኤስም ከራቨንስብሩክ ሌላ በዳካው ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የልብስ ሥራ ነበረው። ስለዚህ አንድን ሽፋን ይዞ “ይህን የሰፋችው እስረኛ ናት” ማለት በአብዛኛው አይቻልም። ግን የግል ፋብሪካም ንጹሕ መሸሸጊያ አይሆንም። በነሐሴ 1944 ጀርመን ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የውጭ አገር ሰዎች በግዳጅ ወይም በምርኮ ይሠሩ ነበር፤ ከእርሻው እስከ ሽመናው እጃቸው ያልገባበት ዘርፍ አልነበረም።

የለበሱት ሰዎችም አሉ። በሰኔ 10 ቀን 1944 ኦራዱር ሱር ግላን የተባለችውን የፈረንሳይ መንደር ከበው ወንዶቹን በየጎተራው የረሸኑ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቃጠሉ የ“ዳስ ራይሽ” ክፍለ ጦር ወታደሮች ዥንጉርጉር የለበሱ ነበሩ። ከ640 በላይ ሰው አለቀ። በታኅሣሥ 1944 ቤልጅየም ውስጥ ማልሜዲ አጠገብ እጃቸውን የሰጡ 84 አሜሪካውያንን የገደሉትም የኤስኤስ ወታደሮች ናቸው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች “ጨርቁ ላይ ምልክት የለም፣ ስለ ፖለቲካ አይናገርም” ይላሉ። በጀርመን ሕግ የናዚ ምልክት ማሳየት ያስቀጣል፤ ሽፋኑ ምልክት ስለሌለው በሕግ ፊት በቀላሉ ያልፋል። እኔ ግን ከዚህ አባባል ጋር አልስማማም። ቅጠል ብቻ የታተመበት ጨርቅ ለማን እንደተሰፋና ማን እንደሰፋው ካልተነገረ፣ ለተመልካች የሚቀረው ያማረ ንድፍ ብቻ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ወደ ስፌቱ ሲመለስ ሌላ ነገር ያያል። ከራቨንስብሩክ የተረፉ ሴቶች አሻጥር ይሠሩ እንደነበር መስክረዋል፤ ክሩን አላልተው ይሰፉ ነበር፣ ቶሎ እንዲፈታ አድርገው ይቋጩ ነበር። ከተያዙ ቅጣቱ ከባድ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ በድካምና በረሃብ መርፌው ከመስመር ይወጣባቸው ነበር። በማጉያ መነጽር ሥር የሚታይ የላላ ስፌት የትኛው ይሁን? ከአንድ ሽፋን ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ምናልባት በደንብ ዘይት ያልተቀባ ማሽን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሽፋኖች ስፌት በአንድ ዓይነት መንገድ ቢመዘገብ፣ ከካምፑ ማኅተም ካላቸው ጃኬቶች ስፌት ጋር ቢነጻጸር፣ የተወሰነ ነገር ማውጣት ይቻላል። ማሽን የራሱ አረማመድ አለው፤ የክሩ ጥብቀት፣ የጥልፉ ርዝመት፣ የመመለሻው ቦታ ከአዳራሽ አዳራሽ ይለያያል። ሐሰተኛውን ለመለየት ሲባል የተሠራው መሣሪያ ሁሉ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሽፋን ያላችሁ፣ ወይም በሙዚየም፣ በወራሽነት፣ በግዢ ወደፊት የሚገባችሁ፣ አታጥቡት። ሳሙናው የክሩን ምስክርነት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያጠፋዋል። የተፈታ ስፌት ዋጋ ለመጨመር ብላችሁ አታስጠግኑ፤ ነጋዴው ቢመክርም እሺ አትበሉ። አሲድ በሌለው ወረቀት ሞልታችሁ ቅርጹን ጠብቁ፤ ለእይታ ካወጣችሁትም ብርሃኑ ሙዚየሞች ለጨርቅ ከሚፈቅዱት ከ50 ሉክስ አይብለጥ። የውስጡን ስፌት ሁሉ መለኪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ። በመዝገቡ ላይ የንድፉን ዓይነት፣ በእጅ ወይም በማሽን መታተሙን፣ የማያያዣውን ብረት፣ የክሩን ቀለም፣ በሴንቲ ሜትር ያለውን የጥልፍ ብዛት፣ ጨርቁ ላይ ያለውን አሃዝ ጻፉ። ቀጥሎ “የተሰፋበት ቦታ” የሚል መስመር ይኑር። ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ባዶ ይቆይ፤ ከመዝገቡ ግን አይውጣ። ራቨንስብሩክ ከ1959 ጀምሮ መታሰቢያ ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ማኅተም ያለበት ወይም ስፌቱ የሚያጠራጥር ነገር በእጁ የገባ ሰው ፎቶውንና መዝገቡን ይዞ እዚያ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።